ሚዛን ያዡን የሚጠብቅ ሕግ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ከአንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)






  ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና በመስመር ስለ መዝራት በየሳምንቱ ከእኔ የምትሰሙት ስለሆነ ዛሬ አልደግመውም። ዛሬ የማነሣው ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ጉዳይ ነው። ይኸውም ምርምር የሚሰጠን ቁጥር እውነተኛ እንዲሆን፣ እውነቱን የሚናገረውም ባለሙያ እንዳይፈራ ምን ዓይነት ሕግ ያስፈልጋል የሚል ነው። ርእሱ ከበድ ያለ ቢመስልም ከምታውቁት ልጀምር።

ምርታችሁን ጭናችሁ ወደ ማኅበራችሁ መጋዘን ስትደርሱ ዓይናችሁ በመጀመሪያ የሚያርፈው በሚዛኑ ላይ ነው። ሚዛኑ ከተበላሸ ዋጋው ቢያምር ምን ይረባል? በመተዳደሪያ ደንባችን የቁጥጥር ኮሚቴ የሚባል አካል ያቆምነውም ስለዚህ ነው። ይህ ኮሚቴ የሚመረጠው በጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ተጠሪነቱም ለጠቅላላ ጉባኤው እንጂ ለሥራ አመራር ኮሚቴው አይደለም። ሒሳብ የሚመረምር ሰው፣ ሒሳቡ የሚመረመርበትን ሰው እየፈራ ሥራውን ሊሠራ አይችልምና። ይህን ያደረግነው ማንንም ሌባ ነው ብለን አይደለም፤ ጨዋውንም ሰው ከፈተና ለመጠበቅ ነው።

የመንግሥት ምርምርም እንደዚሁ ሚዛን ነው። የትኛው ዘር እንደሚያፈራ፣ የትኛው በሽታ እንደገባ፣ ዝናቡ መቼ እንደሚጥል፣ ምርቱ ስንት እንደሆነ የሚመዘነው በእርሱ ነው። ሚዛኑን የያዘው ግን ደመወዝተኛ ነው፤ ከበላዩም አለቃ አለበት። ታዲያ ሚዛኑ አለቃውን የማያስደስት ቁጥር ያሳየ ቀን ምን ይሆናል? ጥያቄው ይህ ነው።

መልሱን ከሌላ ሰው ከመጀመሬ በፊት ከራሴ ልጀምር። በሥራዬ በሁለተኛው ዓመት ስንዴው ዛላ ባወጣበት ጊዜ ቢጫ ዋግ ገባ። በአጨዳ ወቅት እንደ ደንቡ የምርት ናሙና ለመውሰድ ከአንድ አዛውንት አርሶ አደር ማሳ ላይ አራት ሜትር በአራት ሜትር በገመድ ለክተን አጨድን፣ ወቃን፣ መዘንን። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሆነ። በሄክታር ሲሰላ 20 ኩንታል መሆኑ ነው። የሌሎቹም ማሳዎች ናሙና ከዚህ ብዙ አልራቀም። ሪፖርቱን ይዤ ስሄድ የተቀበለኝ ኃላፊ አየውና፣ “ዕቅዱ 30 ነው፤ በዚህ ቁጥር ስብሰባ አይገባም፤ አስተካክለህ አምጣ” አለኝ። እኔም ዝውውር እጠብቅ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ፈራሁ። 30 ብዬ ጻፍኩ።

በዓመቱ ያው ዝርያ ተመልሶ መጣልን። ለምን አይመጣ! በወረቀቱ ላይ ጥሩ ምርት የሰጠ ዘር ነው። ዋጉም ተመልሶ መጣ። እኒያ አዛውንት አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ “ልጄ፣ አምና የእኔን ማሳ ስንት ብለህ ነበር የጻፍከው?” ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። “ገመዱን የያዝኩልህ እኮ እኔ ነበርኩ” አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ያ ንግግር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ቁጥር ወደ ላይ ሲሄድ ወረቀት ነው፤ ወደ ታች ሲመለስ ግን ዘር፣ ማዳበሪያና ዕዳ ሆኖ ነው የሚመጣው። ይህ በእኔ ቀበሌ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። ታላላቅ መንግሥታትንም የጎዳ ነገር ነው።

ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል ሩሲያዊ የሰብል ሊቅ ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ሀገራችን መጥቶ የስንዴና የገብስ ዝርያዎቻችንን ሰብስቧል። ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መድቧታል። አያቶቻችን ሲመርጡና ሲያስቀምጡ የኖሩትን ዘር ዋጋ ለዓለም ካስታወቁት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው።

በዚያው ዘመን ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ሌላ ሰው ተነሣ። ዘርን አርሶና አቀዝቅዞ መዝራት ምርቱን እጅግ ይጨምራል እያለ ባለሥልጣኖቹን ተስፋ አስቆረጠ ሳይሆን ተስፋ ሞላቸው፤ መስማት የሚፈልጉትን ነገራቸውና። ማስረጃው ከየት መጣ? አብዛኛው የመጣው ለጋራ እርሻዎች ከተላኩ መጠይቆች ነበር። በዚያ አስፈሪ ዘመን አልሠራልኝም ብሎ የሚጽፍ የእርሻ ኃላፊ ምን ያህል ሊኖር እንደሚችል እናንተው ገምቱ። የዘር ውርስ ሳይንስን ይዞ የተከራከረው ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1940 ታሰረ፤ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። ሌኒንግራድ በጦርነቱ ተከብባ በነበረበት ጊዜ በእርሱ ተቋም ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች የተሰበሰበውን ዘር አንበላም ብለው ሲጠብቁ ከመካከላቸው በረሃብ የሞቱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ የሊሴንኮ ትምህርት በመንግሥት ፓርቲው ድጋፍ ብቸኛው ትክክለኛ ትምህርት ተባለ፤ የዘር ውርስ ሳይንስ ከትምህርት ቤትና ከምርምር ጣቢያ ተባረረ። ሊሴንኮ ከሥልጣኑ የወረደው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው።

መዘዙ በሩሲያ ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1958 ቻይና የእርሱን ትምህርት ተከትላ ዘርን አጠጋግቶ መዝራትን በአገር አቀፍ ደረጃ አዘዘች። ቡቃያ ሲተፋፈግ እርስ በርሱ እንደሚናጠቅና እንደሚቀጭጭ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። የቻይና ገበሬዎችም ያውቁ ነበር፤ ግን ማን ይናገር? የየአካባቢው ኃላፊዎች ከጎረቤታቸው ላለማነስ ሲሉ የምርቱን ቁጥር እያሳደጉ ላኩ። መንግሥትም በወረቀቱ ቁጥር ልክ እህል ከገበሬው ጎተራ ወሰደ። ከዚያ በተከተለው ረሃብ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። በእኛም ሀገር የ1965ቱ የወሎ ረሃብ ለሕዝብ ሳይነገር ተሸፋፍኖ መቆየቱን ከአባቶቻችን ሰምተናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለሀገርም ይሠራል።

እውነቱ በግልጽ ሲነገር ደግሞ ጥቅሙን አይተናል። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ቢጫ ዋግ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ እንደመታ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ዝርያዎቹ ለበሽታው መሸነፋቸው ስለተነገረ እንደ ካካባና ዳንደአ ያሉት አዳዲስ ዝርያዎች በፍጥነት ተባዝተው ለአርሶ አደሩ ተሠራጩ። ባይነገር ኖሮ ስንት ዓመት የተሸነፈ ዘር እየዘራን እንቆይ ነበር?

አንዳንድ ወንድሞች፣ “ይህ የአምባገነኖች ዘመን ታሪክ ነው፤ ምርጫና ነፃ ፍርድ ቤት ባለበት ሀገር አይደርስም” ሊሉ ይችላሉ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እስቲ ወደ አሜሪካ እንሂድ።

በአይዋ ግዛት፣ በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሥር ይሠራ የነበረ አንድ ተመራማሪ በአሳማ እርባታዎች አካባቢ በአየር የሚነፍሱ፣ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን አገኘ። ያገኘውን ለአካባቢው ሕዝብ በስብሰባ እንዲያስረዳ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጋበዝ ግን አለቆቹ ፈቃድ ከለከሉት። ያን አየር የሚተነፍሱት እኮ እዚያው የሚኖሩት ገበሬዎች ነበሩ።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2019 ዶሪያን የተባለ ከባድ አውሎ ነፋስ ወደ አሜሪካ ሲቃረብ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ አላባማ የምትባለውም ግዛት እንደምትመታ ጻፉ። በዚያው ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ ያለው የሜትሮሎጂ ጽሕፈት ቤት ወዲያው ለሕዝቡ፣ አውሎ ነፋሱ እኛ ዘንድ አይደርስም ብሎ አስታወቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በጥቁር እስክሪብቶ ተቀጥሎበት እስከ አላባማ የተዘረጋ ካርታ በቤተ መንግሥቱ ታየ። የሜትሮሎጂው የበላይ መሥሪያ ቤትም የማንም ስም ያልፈረመበት መግለጫ አውጥቶ የገዛ ባለሙያዎቹን ነቀፈ። ባለሙያዎቹ የተናገሩት ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው ማጣራት የመሥሪያ ቤቱ ተጠባባቂ ኃላፊ የራሱን የመሥሪያ ቤቱን የሳይንስ ሐቀኝነት ደንብ መጣሳቸውን አረጋገጠ። ሆኖም ሰውየው በሥልጣናቸው ላይ ቆዩ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ደንብ ነበረ፤ መጣሱም ታወቀ፤ ግን ደንቡ ጥርስ አልነበረውም።

የዚህ ደንብ ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሳይንስን ሐቀኝነት እንዲጠብቁ መመሪያ ሰጡ፤ በዚያ መሠረት መሥሪያ ቤቶቹ ደንብ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ፕሬዚዳንት ባይደን መመሪያውን የሚያጠናክር ሌላ መመሪያ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የራሳቸውን ትእዛዝ አውጥተው ደንቦቹ ከባይደን ዘመን በፊት ወደነበሩበት እንዲመለሱ አዘዙ። አንዱ የጻፈውን ሌላው ይሰርዛል። ሚዛን ያዡ ማንን ተማምኖ ይመዝን? መመሪያ የአንድ ባለሥልጣን ቃል ነው፤ ሕግ ግን የሕዝብ ተወካዮች ቃል ነው።

ይህን በማየት ፖል ቶንኮ የተባሉ የኒው ዮርክ እንደራሴ የሳይንስ ሐቀኝነት ሕግ የሚባል ረቂቅ እ.ኤ.አ. በ2017 ለምክር ቤቱ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2019 ረቂቁ ከሁለቱም ፓርቲዎች አባላት ድጋፍ አግኝቶ በምክር ቤቱ የሳይንስ ኮሚቴ አለፈ። ከዚያ ወዲያም በተደጋጋሚ ቀርቧል፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ሕግ ሆኖ አልጸደቀም። ይዘቱን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ለእኛም ይጠቅማልና።

አንደኛ፣ ተመራማሪው ራሱ እንዳይዋሽ፣ ያላገኘውን አገኘሁ እንዳይል ይከለክላል።

ሁለተኛ፣ ማንም ኃላፊ የምርምርን ውጤት እንዳይደብቅ፣ እንዳይለውጥ፣ ያለ በቂ ሳይንሳዊ ምክንያት እንዳያዘገይ ይከለክላል። ተመራማሪውን በማስፈራራት ቁጥሩን ማስቀየርም ክልክል ነው።

ሦስተኛ፣ ተመራማሪው ስለ ሥራው ለጋዜጠኛና ለሕዝብ የመናገር መብት ይሰጠዋል። መሥሪያ ቤቱ በእርሱ ጥናት ላይ ተመሥርቶ የሚያወጣው መግለጫም ትክክል መሆኑን አስቀድሞ እንዲያይ ይፈቅድለታል።

አራተኛ፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ይህንን የሚከታተል ኃላፊ እንዲሾም፣ ክርክር ሲነሣም የሚታይበት ሥርዓት እንዲኖረው ያዛል።

ካናዳውያን ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ፤ መንገዳቸው ለእኛ ለኅብረት ሥራ ሰዎች የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴራቸው ተመራማሪዎች ለጋዜጠኛ ከመናገራቸው በፊት የግድ ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ብዙ ተመራማሪዎች ነጭ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ማስረጃ ሞቷል ለማለት የሬሳ ሣጥን ተሸክመው በኦታዋ ወደ ፓርላማው ሰልፍ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ላይ ደግሞ የሠራተኛ ማኅበራቸው ከመንግሥት ጋር ሲደራደር ስለ ምርምራቸው የመናገር መብት በኅብረት ስምምነታቸው ውስጥ እንዲገባ አደረገ። አንድ ተመራማሪ ለብቻው ቢጠይቅ ይቀጣ ነበር፤ በማኅበር ሆነው ሲጠይቁ ውል ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይህ ነው።

እርግጥ ነው፣ አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። እንዲህ ያለ ሕግ ከወጣ ተመራማሪው በመንግሥት ላይ ሌላ መንግሥት አይሆንም ወይ? አይሆንም። ውሳኔው የተመረጠው ሰው ነው። ምርምሩ በዚህ ቦታ ግድብ ቢሠራ ይህን ያህል ማሳ ይዋጣል ቢል፣ ኃላፊው ሌላውን ጥቅም አመዛዝኖ ይሠራ ለማለት ይችላል። ሥልጣኑ ነው፤ ተጠያቂነቱም የእርሱ ነው። የማይችለው የሚዋጠውን ማሳ ቁጥር መቀነስ ነው። ገዢ በዋጋው ይከራከር፤ ሚዛኑን ግን አይንካ።

ተመራማሪም ሰው ነው፤ ይሳሳታል፣ አንዳንዱም ይዋሻል። ስለዚህም ነው የረቂቁ የመጀመሪያ ክልከላ በራሱ በተመራማሪው ላይ የተጣለው። ጥበቃው ለተመራማሪው ክብር ተብሎ አይደለም፤ ቁጥሩን አምኖ ለሚዘራው ሰው ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣

ይህን ሁሉ የተናገርኩት እንዲያው ለወሬ አይደለም። ሕግ ማውጣት የምክር ቤት ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። እኛም በየመድረኩ ተወካዮቻችንን ስናገኝ መንገድና መብራት እንደምንጠይቅ ሁሉ፣ የግብርና ተመራማሪና የልማት ሠራተኛ እውነተኛ ቁጥር በመጻፉ እንዳይቀጣ የሚጠብቅ ሕግ ብንጠይቅ ከመብታችን አያልፍም። እስከዚያው ድረስ ግን በእጃችን ያለ ነገር አለ። ለዩኒየናችን ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገር በትሕትና አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው፣ የምርት ናሙና ሲወሰድ ቁጥሩ እዚያው ማሳው ላይ፣ በባለ ማሳውና በጎረቤቶቹ ፊት ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ። ብዙ ጆሮ የሰማውን ቁጥር ቢሮ ውስጥ መለወጥ ያስቸግራል።

ሁለተኛው፣ የናሙናው ቅጽ በሁለት ቅጂ ይሞላ፤ ባለ ማሳውና የልማት ሠራተኛው ይፈርሙበት። አንዱ ቅጂ በመሠረታዊ ማኅበሩ መዝገብ ቤት ይቀመጥ። የቁጥጥር ኮሚቴውም ሒሳብ ሲመረምር ይህንንም ይይ።

ሦስተኛው፣ ዩኒየኑ ለአባላት ዘር ሲያቀርብ አምና የተላለፈውን ሪፖርት ብቻ ሳይሆን በማኅበራቱ መዝገብ ያለውንም ቁጥር አመሳክሮ ይወስን። ልዩነት ቢገኝ ለምን እንደሆነ ይጠይቅ፤ ጠያቂ ያለበት ሪፖርት አይታበይም።

እነዚህ ሦስቱ ገንዘብ አያስወጡንም። አንድ ወጣት የልማት ሠራተኛ ግን ነገ ኃላፊ ፊት ቆሞ አስተካክል ሲባል፣ “ባለ ማሳው ፈርሞበታል፤ ቅጂውም በማኅበሩ እጅ ነው” ለማለት የሚያስችል ድጋፍ ይሆኑታል። እኔ በዚያን ቀን ይህን የምልበት ወረቀት በእጄ አልነበረም። ይህን የምለው ጥፋቴን በሌላ ለማሳበብ አይደለም። ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። 30 ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዓመቱ የተሸነፈ ዘር ገዝታችሁ የዘራችሁትን አባቶቼንና እናቶቼን በዚህ ጉባኤ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ዘንድሮ ናሙና ስንወስድ እነዚያ አዛውንት ገመዱን ይዘውልኝ ነበር። ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ አርባ ግራም መዘነ፤ በሄክታር 24 ኩንታል። ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ቅጹን በሁለት ቅጂ ሞላሁ። እርሳቸውም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙና፣ “አሁን ወደ ቢሮህ ሂድ” አሉኝ። ሄድኩ። 24 ብዬ አስገባሁ።

ለዩኒየናችን መልካም በዓል፣ ለሁላችንም የጥጋብ ዘመን እመኛለሁ።